የአኮፋዳ አስተዳደር፦ ስለ ቆሎ ተማሪ አዳሪነት የቀረበ አጭር ጥናት

የዚህ ጥናት ዓላማ በጎጃም በአዊ ዞን፣ በእንጅባራና በዳንግላ ዙሪያ ገጠሮች፣ ያለ በጀትና ያለ ወጥ ቤት ለዘመናት የዘለቀውን የአዳሪ ትምህርት ቤት መመርመር ነው። ተቋሙ ቅኔ ቤት፣ ነዋሪው የቆሎ ተማሪ ይባላል።

በመጀመሪያ ቅበላ። ሌላው አዳሪ ትምህርት ቤት የወላጅ ፊርማ ይጠይቃል። እዚህ ግን አመልካቹ ብዙ ጊዜ ምዝገባውን የሚጀምረው ከወላጁ ጠፍቶ ነው። ማደሪያውን ራሱ ይቀልሳል። የደንብ ልብሱ ደበሎ ነው፤ ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ባለችው እንጅባራ ደበሎው ለበጉም በቂ እንደነበር አልተረጋገጠም።

ምገባው የሚካሄደው በየሰው ደጃፍ ነው። ተማሪው «በእንተ ስማ ለማርያም» ይላል። ጥሪው በግዕዝ ነው፤ ጠሪው የሚያስበው በአማርኛ፣ የቤቱ እመቤት የምትመልሰው በአገውኛ ነው። አስተርጓሚ የማይሻው ውሻው ብቻ ነው። «እግዜር ይስጥህ» ከተባለ የዕለቱ ምግብ ከዚያ ቤት የለም ማለት ነው፤ ከተሳካ ግን የምግብ መያዣው አኮፋዳ ማታ ሲገለበጥ የዳጉሳ እንጀራ ቁራሽ፣ የገብስ ዳቦ ግማሽ፣ ከነልጣጩ የተቀቀለ ድንች፣ ከሥር ደግሞ የአራት ቤት ቆሎ ተደባልቆ ይገኛል። የተረፈው ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ድርቆሽ ይሆናል። ምግቡ የተመጣጠነ ነው፤ ያመጣጠነችው ዕድል ናት።

ትምህርቱ በአንጻሩ ለዕድል አይተውም። ጀማሪው በሁለት ቤት ጉባኤ ቃና ይጀምራል፣ ወደ ሦስት ቤት ዘአምላኪየ ይወጣል፣ ስምንት ቤት መወድስ እስኪሞላ ይቀጥላል። ቀን ጫካ ገብቶ ቅኔ ይቆጥራል፤ ማታ የኔታ ፊት ቀርቦ ይነግራል። ከተሳሳተ ይታረማል፤ ከራበው አይታረምም፤ ረኀብ ከየኔታ ሥልጣን ውጭ ነው።

ተቋሙ የወንዶች ነው የሚለው አስተያየት በመረጃ አይደገፍም። ጉባኤው ላይ የሚቀመጡት በአብዛኛው ወንዶች ቢሆኑም የምገባ ክፍሉ ከኃላፊ እስከ ጋጋሪ በሴቶች የተያዘ ነው። ወንዱ ቅኔ ይቆጥራል፣ ሴቷ ቁራሽ ትቆርሳለች፤ ሁለቱም ጾታ ተሳትፏል። ይህን ክፍፍል ያዛባ አንድ ጉዳይ ተመዝግቧል፦ በዚያው በጎጃም ዓይነ ስውሯ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ቅኔ ተምረው፣ ወንበር ዘርግተው ወንዶችን አስተምረዋል። ተማሪዎቻቸው ቁራሹንም ቅኔውንም ከሴት ተቀበሉ ማለት ነው። ጥናት እንዲህ ያለውን «ልዩ ሁኔታ» ብሎ ማለፍ ልማዱ ስለሆነ ይህም ጥናት ያልፈዋል።

የፋይናንስ ግኝቱ አጭር ነው። ወጪ መጋራት ለዩኒቨርሲቲዎቻችን የመጣው በ1990ዎቹ ነው፤ ተመራቂው ሥራ ሲይዝ ለመንግሥት ይከፍላል። የቅኔ ቤት ምሩቅ ግን መሪጌታ ሲሆን ዕዳውን የሚከፍለው ሌላ ጠፍቶ የመጣ ልጅ በማስተማር ነው። ላበላችው ሴት የሚደርሳት «እግዜር ይስጥልኝ» ነው፤ ሒሳቡ ወደ ላይኛው አካል ተላልፏል።

ቀጣይ ጥናት አበዳሪዋን እንዲያነጋግር እንመክራለን። አጥኚው ለቃለ መጠይቅ ደጃፏ ቢቆም ምጣድ ላይ ነበረችና ለጥያቄው ጊዜ አጣች፤ ቁራሽ ግን አላጣችም።