«ከዚህ አይወርድም»

የዋጋ ቻርት የሚያነብ ወዳጅ ካለዎት፣ ስልኩ ላይ በጣቱ መስመር ሲያሰምር ሳያዩት አይቀሩም። ዋጋው ሲወርድ ሁለት ሦስት ጊዜ የነጠረበትን ቦታ ይፈልግና አግድም ያሰምርበታል። «ሰፖርት ነው፣ ከዚህ አይወርድም» ይላል። ወለሉን በሲሚንቶ ያስሞላ ግንበኛ እንኳ እንዲህ አይምልም!

ነገሩ ጭራሽ ባዶ ነው ማለቴ አይደለም። ባለፈው በዚያ ዋጋ ሳይገዛ ያመለጠው ሰው ሲመለስለት ይሻማል፤ ቀድሞ የሸጠም መልሶ ይገዛል። ሰው ደግሞ ክብ ቁጥር ይወዳል፤ የግዢ ትእዛዙን 5,987 ላይ ሳይሆን 6,000 ላይ ያስቀምጣል። ብዙ ገዢ አንድ ቦታ ላይ ተሰብስቦ ሲጠብቅ ዋጋው እውነትም ይነጥራል፤ ገዢው እስኪያልቅ ድረስ። ወዳጃችን ግን ዋጋው መስመሩን በነካ ቁጥር ልቡ ይሞላል፤ «አራት ጊዜ ተፈትኖ አልፏል» ይላል።

ቢትኮይንን እንይ። እ.ኤ.አ. በ2017 መጨረሻ 20,000 ዶላር ግድም ደርሶ፣ በ2018 ፌብሩዋሪ 6,000 አካባቢ ወርዶ ነጠረ። በጁን ትንሽ ዝቅ ብሎ አሁንም ተመለሰ። ወራት አለፉና 6,000 ከወለልም በላይ ታመነ። ኖቬምበር አጋማሽ ላይ ወለሉ ተደረመሰ፤ ዲሴምበር ላይ ዋጋው 3,200 ዶላር ገደማ ነበር። እንዲህ ሲሆን ከመስመሩ ሥር የተደረደረው ስቶፕ ሎስ፣ ማለትም ዋጋው እዚያ ሲደርስ በራሱ የሚሸጥ ትእዛዝ፣ ሁሉ ባንዴ ወደ ሽያጭ ይለወጥና ቁልቁለቱን ያፋጥነዋል። ሁሉም የሚያውቀው ወለል፣ የሁሉም መውጫ በርም እሱው ነው።

ታዲያ «አይወርድም» ያለው ሰው ያፍራል? በመጀመሪያው ቀን «የውሸት ስብራት ነው፣ ይመለሳል»። በማግስቱ «ወለሉ ጣሪያ፣ ሰፖርቱ ሬዚስታንስ ሆነ፤ ትምህርቱም ይለዋል»፤ እውነትም ይለዋል። በሦስተኛው ቀን የድሮውን መስመር አጥፍቶ ዝቅ አድርጎ አዲስ ያሰምራል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ! ወደ ኋላ ሲነበብ ቻርቱ ላይ አንድም የተሳሳተ መስመር አይገኝም፤ የተሳሳቱት ተሰርዘዋላ።

እንግዲህ ስልኩን ይዞ «አብረን እንግባ» ብሎ ከመጣብዎ ሁለት ነገር ይጠይቁት፦ መስመሩን ያሰመርከው ዋጋው ከመንጠሩ በፊት ነው በኋላ? ከተሰበረስ ስንት ከስረህ ትወጣለህ?