ከኬሚስትሪ እስከ ሐኪም ቤት

አሜሪካ ውስጥ ሐኪም ልሁን ብሎ የተነሳ ሰው መጀመሪያ የሚገጥመው ኬሚስትሪ ነው። ሕክምና ትምህርት ቤት የሚገባው ባችለር ዲግሪውን ከያዘ በኋላ ስለሆነ እስከዚያ «ፕሪ-ሜድ» እየተባለ ይቆያል። ይህን አገር ቤት ላለ ሰው ማስረዳት ከባድ ነው። እኔ ሳድግ የሰፈራችን ጎበዝ ተማሪ የአሥራ ሁለተኛ ክፍልን ፈተና አልፎ በቀጥታ ሕክምና ፋኩልቲ ይገባ ነበር። እናቴም በስልክ «ልጄ፣ ሕክምናውን ጀመርክ ወይ?» ትለኛለች። «ገና ነው እማዬ፣ ኬሚስትሪ ላይ ነኝ።» «እሱንማ እዚሁ ጨርሰኸው ሄደህ የለም እንዴ?»

ነገሩ ሥር አለው። የጆንስ ሆፕኪንስ ሕክምና ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1893 ሲከፈት፣ ያኔ ባልተለመደ ሁኔታ ዲግሪ የሌለውን አልቀበልም አለ። በ1910 ደግሞ አብርሃም ፍሌክስነር የአሜሪካንና የካናዳን ሕክምና ትምህርት ቤቶች ዞሮ አይቶ ባወጣው ዘገባ፣ ባዮሎጂ፣ ኬሚስትሪና ፊዚክስ ያልተማረ ሰው ወደ ሕክምና መግባት እንደሌለበት ተከራከረ። በሽተኛ አልጋ አጠገብ የሚቆም ሰው ይህን ያህል መዘጋጀቱ ተገቢ ነው፤ ዛሬም አምንበታለሁ።

ተማሪው የፈለገውን ሜጀር ይመርጣል፤ ታሪክ ቢያጠናም የሚከለክለው የለም። ብዙ ትምህርት ቤቶች ግን ባዮሎጂ፣ ጀነራል ኬሚስትሪ፣ ኦርጋኒክ ኬሚስትሪና ፊዚክስን ሁለት ሁለት ሴሚስተር ከነላቦራቶሪያቸው (ከነላባቸው) ይፈልጋሉ። ባዮኬሚስትሪ አለ፤ እንግሊዝኛና ስታቲስቲክስም የሚጠይቁ አሉ። ዋናው ጣጣ ያለው ቅደም ተከተሉ ላይ ነው። ጀነራል ኬሚስትሪን ሳይጨርሱ ኦርጋኒክ አይገባም፤ ያለ ኦርጋኒክ ባዮኬሚስትሪ የለም። የኬሚስትሪው ሰንሰለት ብቻውን አምስት ሴሚስተር ይበላል። የመግቢያ ፈተናው፣ ኤምካት፣ እ.ኤ.አ. ከ2015 ወዲህ ባዮኬሚስትሪን በሰፊው ስለሚጠይቅ ያንን ኮርስ ሳይወስዱ ለፈተናው መቀመጥ አይመከርም። ማመልከቻው ደግሞ ትምህርት ከመጀመሩ አንድ ዓመት ቀድሞ፣ በበጋው መግቢያ ላይ ይገባል። እንግዲህ መሀል ላይ አንድ ኮርስ ከተንሸራተተ ከኋላው ያለው ሁሉ አብሮ ይንሸራተታል።

የእኔም እንዲሁ ሆነ። ኦርጋኒክ ኬሚስትሪን ከነላቡ የወሰድኩት በኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ነው፤ አድቫይዘሩም «ይተላለፋል፣ አታስብ» ብሎኝ ነበር። ዩኒቨርሲቲ ስገባ ክሬዲቱ ተላለፈ፤ ግን የኮርስ ቁጥር ሳይሰጠው «ኢሌክቲቭ» ተብሎ ተመዘገበ። ባዮኬሚስትሪ ልመዘገብ ስል ኮምፒውተሩ «ኦርጋኒክ አልወሰድክም» ብሎ ዘጋብኝ። ሬጂስትራር ወደ ኬሚስትሪ ክፍል ላከኝ፤ ኬሚስትሪ ክፍል ወደ ትራንስፈር ቢሮ፤ ትራንስፈር ቢሮ መልሶ ወደ ሬጂስትራር። የኮርሱን ሲላበስ አምጣ ሲሉኝ አመጣሁ። ላቡን መሥራትህን በምን እናውቃለን አሉ።

የላብ ደብተሬን ይዤ አንድ ሽማግሌ ፕሮፌሰር ቢሮ ገባሁ። ሽፋኑን አሲድ በልቶታል፤ ገጾቹ ግን ቁጥራቸው በተርታ ነው፣ አንዱም አልተቀደደም። ከሻይ ቅጠል ካፌይን ያወጣንበት ገጽ ላይ ቆሙ። ቅጠሉን በፈላ ውሃ ዘፍዝፈን፣ ሲቀዘቅዝ በዳይክሎሮሜቴን ለይተን፣ ፈሳሹ ሲተን ጠርሙሱ ሥር የቀረውን ነጭ ዱቄት መዝነን የጻፍኩት ነው። ፕሮፌሰሩ መስመሩን በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡና «ያስተማረህ ሰው ሥራውን ያውቃል» ብለው ፈረሙልኝ። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል የሚባለው እውነት ነው። ይሁን እንጂ ፊርማው ሲገኝ ምዝገባው ተዘግቶ ነበር። ኮርሱ የሚሰጠው በመጸው ብቻ ስለነበር አንድ ዓመት ሙሉ ጠበቅኩ።

ያ ዓመት ያንገበግበኛል። ሐኪም ዘመድ ያለው ልጅ ይህን ሁሉ ገና ሃይ ስኩል ሳለ እራት ላይ ይሰማል። የተደገመ ኮርስ የሁለቱም ጊዜ ውጤት ማመልከቻው ላይ እንደሚቆጠር፣ አንዳንድ ትምህርት ቤቶች የሃይ ስኩል ኤፒ ክሬዲትን ወይም በኦንላይን የተሠራን ላብ እንደማይቀበሉ ቀድሞ ያውቃል። ሌት ተቀን ሠርተው ልጃቸውን የሚያስተምሩ የእኛ ወላጆች ይህን ከየት ያምጡት?

ስለዚህ ያለፍንበት ሰዎች ዕዳ አለብን። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ወይም ዓርብ ከጁምዓ መልስ፣ አንድ የኮሌጅ ጀማሪ አጠገባችሁ አስቀምጡ። ሕክምና መግባት የሚፈልግበትን ዓመት ከአንድ ወረቀት ግርጌ ጻፉና ወደ ላይ ቁጠሩ፦ ማመልከቻ፣ ኤምካት፣ ባዮኬሚስትሪ፣ ኦርጋኒክ፣ ጀነራል ኬሚስትሪ። ኮሌጅ ሊቀይር ካሰበ እያንዳንዱ ኮርስ በየትኛው ቁጥር እንደሚተላለፍ በኢሜይል አስጠይቁትና መልሱን ያስቀምጥ። ሲላበሱንም የላብ ደብተሩንም እንዳይጥል ንገሩት። ይህ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው፤ ለልጁ ግን አንድ ዓመት ያተርፍለታል።