ስለ ላቲነም ክቡርነት የወጣ አዋጅ

ስማ! ጆሮህ የሰፋ ስማ! የሰማህ ላልሰማ ሽጥ!

ታላቁ ናገስ፣ ሥዩመ ትርፍ፣ የፌሬንጊናር ገዥ፤ በየፕላኔቱ ተበትናችሁ ለምትነግዱ ፌሬንጊዎች (ፈረንጆች አላልንም)፣ እንዲሁም ለተበዳሪዎቻችሁ።

በ«ስታር ትሬክ» ዓለም ሪፕሊኬተር የሚባለው መሣሪያ ሲታዘዝ ሻይም ወርቅም እኩል የሚያቀርብ በመሆኑ፤ ይህ በሆነበት አገር ወርቅ ቆጥሮ ማደር ሻይ ቆጥሮ ከማደር ስለማይለይ፤ ነጋዴም የሚቆጥረው ካጣ እንቅልፍ ስለማይወስደው፤ መሣሪያው ሊሠራው ያልቻለውን ላቲነም መገበያያ ማድረግ በማስፈለጉ የሚከተለው ታውጇል።

«ላቲነም» ማለት ፈሳሽ የሆነ የከበረ ብረት ነው። ፈሳሽ በኪስ ስለማይያዝ በወርቅ ውስጥ ታሽጎ ይዞራል፤ ወርቁ ዕቃው ብቻ ነው፤ ለወርቁ ብሎ የሚሰርቅ ሌባ በስርቆት ሳይሆን በሞኝነት ይከሰሳል። 100 ስሊፕ 1 ስትሪፕ፣ 20 ስትሪፕ 1 ባር ነው።

የማዕድኑ መገኛ ሆሊውድ፣ ፓራማውንት ስቱዲዮ ነው። ከ1993 እስከ 1999 እ.ኤ.አ. የታየው የ«ስታር ትሬክ» ተከታታይ ድራማ «ዲፕ ስፔስ ናይን»፣ ወርቅ በማይናፍቅበት ዓለም የሚስገበገብ ነጋዴ ስላስፈለገው ጸሐፊዎቹ በብዕር ቆፍረው ያወጡት ነው። «ታዲያ ፈጠራ ነዋ!» ብሎ የሚያጣጥል ሁሉ በኪሱ ያለውን ወረቀት አውጥቶ ከወረቀትነቱና ከፊርማው ሌላ ምን እንዳለው ያስረዳ።

ለልምድ ልውውጥ ወደ ምድር የላክነው ልዑክ (አበሉ ገና አልተወራረደም) ብዙ ተምሮ ተመልሷል። የአክሱም ነገሥታት በብርና በመዳብ ሳንቲሞቻቸው ላይ ወርቅ የሚቀቡት በንጉሡ ምስል ዙሪያ ነበር፤ እኛ ወርቁን ለማሸጊያ ማዋላችን እድገታችንን ያሳያል። አሞሌ ጨው ከአፋር ምድር በራቀ ቁጥር ዋጋው ይወደድ እንደነበር ሰምተን ብንቀናም፣ ባለቤቱ ሲቸግረው ሰብሮ ወጥ ውስጥ የሚጨምረው ገንዘብ የቁጠባ ባህልን ስለሚያዳክም ውድቅ ተደርጓል። ይልቅ ማሪያ ቴሬዛን ወደድናት። እቴጌይቱ በ1780 እ.ኤ.አ. ቢሞቱም፣ ያው ዓመት የተጻፈበት ብራቸው ከመቶ ዓመት በላይ ሲመታ ኖረ፤ የሐበሻ ነጋዴም በብሩ ላይ የጌጣቸውን ፈርጥ ሳያጣራ አይቀበልም ነበር። ናገስ ከሞተ በኋላም ግብር የሚሰበስብበት መንገድ በኮሚቴ እየተጠና ነው።

ላቲነሙን መጥጦ ባዶውን ወርቅ ለሌላ ማውረስ ክልክል ነው። በድራማው የኳርክ መጠጥ ቤት ደንበኛ የሆነው ሞርን፣ የተዘረፈ ላቲነም በሁለተኛ ሆዱ ውስጥ ለዓመታት ደብቆ ፀጉሩ ረግፏል። ሞርን ሞተ ሲባል ኳርክ ወራሽ ነኝ ብሎ የሟቹን የላቲነም ጡቦች ቢሰብር የወጣው ወርቅ ብቻ ስለነበር፣ ለሟቹ ያላለቀሰውን ለጡቡ አለቀሰ። ሆድ የባንክ ፈቃድ ያልወጣለት ተቋም በመሆኑ፣ ከአንድ በላይ ሆድ ያለው ሁሉ ቀርቦ ይመዝገብ፤ ራሰ በራዎችም ለጊዜው በጥርጣሬ ይታያሉ።

ገንዘብ አንጠቀምም እያሉ የሚመጻደቁ የፕላኔቶች ፌዴሬሽን ሰዎች ብድር ሲጠይቁ፣ መጀመሪያ ስብከታቸውን በጽሑፍ እንዲያነሱ ይደረጋል።

ይህ አዋጅ በነጋሪት ጋዜጣ ከወጣበት ቀን ጀምሮ የጸና ይሆናል። ያንዱ ዋጋ 3 ስሊፕ። ዝርዝር ይዛችሁ ቅረቡ።