የአተሞችን ጉዞ አበላሽቶ ለማስላት

ሲሊኮን ዳይኦክሳይድ ላይ የተነጠፈ፣ ውፍረቱ ከ100 ናኖሜትር በታች የሆነ የወርቅ ፊልም እቶን ሲገባ ሳይቀልጥ ይበሳሳል፤ ከዚያም እየተሰበሰበ ድቡልቡል ቅንጣት ይሆናል። ወርቅ የሚቀልጠው በ1064 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። ፊልሙ ግን ከዚያ እጅግ ዝቅ ባለ ሙቀት ይፈርሳል፤ አተሞቹ በገጹ ላይ ይጓዛሉና። ይህን የመሰለ ድንቅ ሂደት በኮምፒውተር አበላሽቶ ማስላት ለሚሻ መንገዱ ይኸው።

እያንዳንዱ ነጥብ በጉብጠቱ መጠን ዝቅ ይበል ብላችሁ እኩልታውን ጻፉ። ሥዕሉ ያምራል፤ ጉብታው ይከስማል፣ ገጹ ይለሰልሳል። የተነሣው ወርቅ የት ገባ ብላችሁ አትጠይቁ። ዊሊያም መሊንስ በ1957 ያሳተመውንም ጥናት ሳታነቡ እለፉ፤ እሱ በትነት የሚሸሸውን አተም በገጽ ላይ ከሚጓዘው ለይቶ አስልቶታልና። በገጽ ላይ ያለ አተም ከጉብታ ወደ ጎድጓዳ የሚሄደው የኬሚካል ፖቴንሻል ልዩነት ስለሚገፋው ነው። ፍሰቱን የሚወስነውም ጉብጠቱ ራሱ ሳይሆን ጉብጠቱ ከቦታ ቦታ የሚለዋወጥበት መጠን ነው። ዝቅ ያለ የገጽ ሞገድ ርዝመቱ እጥፍ ሲሆን፣ በተሳሳተው እኩልታ ለመለስለስ 4 እጥፍ ጊዜ ይፈጅበታል፤ በትክክለኛው ግን 16 እጥፍ። ቤተ ሙከራ ውስጥ ቀን ከሌት ሲለካ የከረመ ሰው ልፋት ከንቱ የሚቀረው እዚህ ላይ ነው፤ እኔን የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው።

ሙቀቱን በሴልሺየስ እንዳለ አስገቡት። 500 ዲግሪ ሴልሺየስ 773 ኬልቪን ነው። አተሙ ለመዝለል 1 ኤሌክትሮን ቮልት የሚያስፈልገው ቢሆን፣ 500ን እንዳለ ያስገባ ሰው ዝላዩን ከ3600 ጊዜ በላይ ያዘገየዋል። ስህተቱን ከመፈለግ ይልቅ ውጤቱ ከልኬቱ እስኪገጥም ድረስ የፍሰቱን ቋሚ ቁጥር አሳድጉት። ከዚህ የከፋ ጥፋት አላውቅም፤ የተሳሳተው ሞዴል ከእውነቱ ጋር የተስማማ መስሎ ይታያልና።

ስሌቱ የሚካሄድበትን የነጥቦች ፍርግርግ በግማሽ አጥብቃችሁ የጊዜውን እርምጃ እንደነበረ ተዉት። በትክክለኛው እኩልታ፣ የነገውን ቅርጽ ከዛሬው በቀጥታ በሚያሰላ ዘዴ እርምጃው 16 ጊዜ ማነስ ነበረበት፤ ስለዚህ ቁጥሮቹ ይፈነዳሉ። ያኔ ሸካራውን የሚያስተካክል ማጣሪያ ጨምራችሁ ቀጥሉ። ወርቅ ክሪስታል መሆኑን፣ የገጹም ኢነርጂ እንደ አቅጣጫው እንደሚለያይ እርሱት።

የፊልሙን ጠቅላላ ይዘት መጀመሪያና መጨረሻ ላይ አታወዳድሩ። ጥቂት የኮድ መስመር የሚበቃው ይህ ምርመራ ብዙውን ጉድ ያወጣዋል፤ በ500 ዲግሪ ሴልሺየስ ከወርቅ የሚተነው ኢምንት ስለሆነ፣ የጎደለውን ያጠፋው ኮዱ ነው።