በቀኛችሁ ተመልከቱ

ከአስጎብኚ ጋር እንደ መጓዝ ያለ ዕረፍት የለም። ለብቻው የሚጓዝ ሰው መንገድ ይጠይቃል፣ በዋጋ ይከራከራል፣ የቱ እንደሚሻለው ያመነታል፤ ይባስ ብሎ ያየውን ነገር ምን ብሎ እንደሚጠራው ራሱ መወሰን አለበት። ተመርቶ የሚጎበኝ ሰው ይህ ሁሉ ጣጣ የለበትም። ጠዋት ገንዘቡንና ሐሳቡን አንድ ላይ ያስረክባል፤ ማታ ምን እንዳየ ተነግሮት ወደ ቤቱ ይገባል። ስለዚህ ይህ የምስጋና ጽሑፍ ነው። የሚያወራውም ስለ ጀልባና ስለ አውቶቡስ ነው። ሌላ ነገር የሚታየው አንባቢ ካለ ከቤቱ ይዞት የመጣው ይሆናል እንጂ እኔ አላስቀመጥኩለትም።

ከባሕር ዳር የሚነሳው የአንድ ቀን ጉብኝት ሥርዓቱ የታወቀ ነው። ጣና ጠዋት ጠዋት ይተኛል፤ ከቀትር በኋላ ነፋስ ይነሳና ማዕበሉ ጀልባ ያናውጣል። ስለዚህ ረፋዱን በውሃ ወደ ዘጌ፣ ከምሳ በኋላ ደግሞ በአውቶቡስ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ጢስ አባይ ይኬዳል። እኔ በተሳፈርኩበት የየካቲት ቀን ፕሮግራሙ ባማረ ወረቀት ታትሞ ለእያንዳንዳችን ታድሎ ነበር። መነሻ 2 ሰዓት ይላል። 2 ሰዓት ሲሆን አስጎብኚው ድምፅ ማጉያውን አንስቶ «ውድ ተጓዦቻችን፣ በፕሮግራማችን መሠረት ጉዟችንን ጀምረናል» አለ። ጀልባዋ ገና በገመድ እንደታሰረች ነበረች። አጨበጨብን።

ስለ ጀልባዋ ክፉ አልናገርም። ሞተሯ ይጮኻል፤ ጩኸቱን የሰማ ሁሉ እየሄድን ነው ብሎ ያምናል። መሪዋ ብቻ ትንሽ ልል ነው። ወደ ግራ ሲያዞሩት ወደ ቀኝ ትሄዳለች፤ ወደ ቀኝ ሲያዞሩት ባለችበት ትሽከረከራለች። ከኋላዬ አንድ ሽማግሌ ተቀምጠው ነበር፤ በልጅነታቸው ቅኔ ቤት እንዳለፉ አነጋገራቸው ያስታውቃል። ረዳቱን ጠሩት።

«ልጄ፣ ይቺ ጀልባ መሪ የላትም እንዴ?»

«አላት እንጂ አባቴ። አልይዝ ብሎ ነው።»

«ታዲያ ለምን አትለውጡትም?»

ልጁ ግራ ቀኙን ቃኘና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አባቴ፣ ውሃ ላይ ተሁኖ መሪ አይነካም። ስንደርስ እናየዋለን።»

«መቼ ነው የምንደርሰው?»

«መሪው ሲስተካከል።»

ሽማግሌው አመስግነው ዝም አሉ። ቀጥሎ አስጎብኚው ሐይቁን ያስተዋውቀን ገባ። ጣና በኢትዮጵያ ትልቁ ሐይቅ ነው፤ ርዝመቱ 84፣ ወርዱ 66 ኪሎ ሜትር ይደርሳል፤ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጧል፤ 37 ደሴቶች እንዳሉትም ይነገራል። ቁጥር በተጠራ ቁጥር እያጨበጨብን ሳለ አንዲት ወይዘሮ «ጥልቀቱስ?» አለች። «በቀኛችሁ ጉማሬ ተመልከቱ!» አለ አስጎብኚው። ሁላችንም ወደ ቀኝ ዞርን። ጉማሬ አልነበረም፤ ጥያቄውም በዚያው ሰጠመ። ለማንኛውም የጣና ጥልቀት እጅግ ጥልቅ በሆነበት ቦታ እንኳ 15 ሜትር ገደማ ነው። ይህን ያህል ተንሰራፍቶ ይህን ያህል ስስ መሆን ነውር አይደለም፤ ለሐይቅ።

ሐይቁ በምን እንደሚኖርም ተነገረን። ጣና በገባር ነው የሚኖረው። ትልልቆቹ አራት ናቸው፤ ግልገል አባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ። ትንንሾቹ ብዙ ናቸው። ገባር ሁሉ ከየተራራው ያገኘውን ይዞ ይወርዳል፤ ክረምት ሲሆን ውሃው ብቻ አይበቃውም፣ የእርሻውን አፈር ጭምር ጠራርጎ ያስገባል። መግቢያው በየአቅጣጫው ነው። ጥንት ከተፈጥሮ የተሰጠው መውጫ ግን አንድ ብቻ ነው፤ በዚያም ላይ በ1988 ዓ.ም. መዝጊያ ተሠርቶለት ቁልፉ ሰው እጅ ገባ። አስጎብኚው የሐይቁን ሙላት ሲያሞግስ ሽማግሌው ለጎናቸው ሰው ብቻ በሚሰማ ድምፅ እንዲህ አሉ፦

ጣና ሞልቶ አድሯል ብለህ አትገረም፣
ገባሩ ጎድሎ ነው ሌላ ምሥጢር የለም።

ያቺው ወይዘሮ አሁንም አላረፈችም። «እምቦጭ የሚባል አረም ሐይቁን ወረረው ሲባል ሰምቼ ነበር፤ እውነት ነው?» አለች። አስጎብኚው ፈገግ ብሎ «በቀኛችሁ ተመልከቱ» አለን። ተመለከትን፤ ሰማያዊ ውሃ ብቻ ነው። «ይታያችኋል?» «አይታይም!» «እንግዲህ በገዛ ዓይናችሁ አረጋግጣችኋል» አለና ወደ ሌላ ርዕስ አለፈ። አስጎብኚው አልዋሸም። እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ጣና ላይ የታወቀው እምቦጭ የከፋው በሰሜንና በምሥራቅ ዳርቻ፣ በደምቢያና በፎገራ በኩል ነው። የጉብኝቱ መስመር ደግሞ በደቡብ ነው። ትክክለኛ መስመር ከተመረጠ አረም የሚባል ነገር አገር ውስጥ የለም።

እምቦጭን ግን ሳያዩትም ማድነቅ ይቻላል። የመጣው ከደቡብ አሜሪካ ነው። ሥሩ መሬት ሳይነካ ከላይ ከላይ ተንሳፍፎ ይኖራል፤ ከታች ያለው አየር ሲያጥረው እሱ ወይን ጠጅ አበባ ያብባል፤ ሲነቅሉት ዘሩን ጥሎ ይሄዳልና ከዓመታት በኋላ ተመልሶ ይበቅላል። የዳርቻው ገበሬ ደረቱ ድረስ ውሃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ሲነቅለው፣ ከተማው አዳራሽ ውስጥ ተቀምጦ ሲያወግዘው ኖሯል። አረም ደግሞ ውግዘት አይገባውም።

መንገድ እኩል ላይ ሞተሩ ጮኾ ጮኾ ቆመ። ዝምታው ሳይገባን አስጎብኚው «አሁን ለፎቶ የተመደበው ጊዜያችን ላይ ነን» አለ። ፎቶ ስንነሳ አንድ ሰው በደንገል ታንኳ በጎናችን አለፈ። ማገዶ ጭኗል። የደንገል ታንኳ ውሃ ይጠጣል፤ በየጊዜው እየወጣ ካልደረቀ አያገለግልም፤ ዕድሜውም አጭር ነው። ቢሆንም ባለ ታንኳው የት እንደሚሄድ ያውቃል፣ መቅዘፊያውም በራሱ እጅ ነው። አስጎብኚው ስለ እሱ «ባህላዊ» አለን። እሱ ከዓይን እስኪጠፋ እኛ ዘመናዊ እንደሆንን ቆየን። መሻገሩ ሲረዝም አንዱ ተጓዥ «ይህ ሽግግር መቼ ነው የሚያልቀው?» ብሎ ቢያጉረመርም ሽማግሌው ሳቁ። «ልጄ፣ አንተ ዛሬ ነው የተሳፈርከው። እኔ ከተወለድኩ ጀምሮ እየተሻገርኩ ነው» አሉት።

ዘጌ ስንደርስ አንደበቴን ልሰብስብ። እዚያ ፌዝ አይሆንልኝም። በባሕረ ገብ ምድሩ ላይ ያለው የቡና ጫካ የቆየው በአዋጅ አይደለም። በአካባቢው ትውፊት አቡነ በትረ ማርያም ምድሩ እንዳይታረስ፣ ከብትም እንዳይረባበት ቃል ስላሠሩ ነው። ሕዝቡም ቡናውን፣ ጌሾውንና ሎሚውን እየለቀመ በዛፍ ጥላ ሥር ኖረ። ዛፍ ሲተክል የሚታይ ሰው ፎቶ አላየሁም፤ ዛፉን ግን አየሁት። አስጎብኚው እዚህ የሚናገረው ስላጣ ቶሎ ቶሎ አስኬደን።

እዚያው ዘጌ፣ በዑራ ኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ በላዔ ሰብእ አለ። ታሪኩን የማያውቅ የለም፤ 78 ሰው ከበላ በኋላ ለአንድ ውሃ የጠማው ለምጻም በእመቤታችን ስም ጥርኝ ውሃ ሰጠ፤ በፍርድ ቀን ሚዛን ላይ ያቺ ጥርኝ ውሃ በእመቤታችን አማላጅነት መዘነችለት። ሥዕሉ የምሕረትን ስፋት ሊያስተምር ነው የተሣለው። አስጎብኚያችን ግን ሌላ ነገር የተማረበት መሰለኝ፤ ከሌሎቹ ሥዕሎች ሁሉ እዚህ ቆይቶ ደጋግሞ «አንዲት ጥርኝ ውሃ ናት እኮ!» አለ። ሽማግሌው አማተቡና «የድሮው በላተኛ መልካሙ፣ ውሃውን ሲሰጥ ሪባን አላስቆረጠም» አሉ።

ምሳው ዓሣ ነበር፤ ዓሣው መልካም ነበር፤ አለፈ።

ከሰዓት በኋላ አውቶቡስ ላይ ወጣን። መንገዱ አቧራ ነው። አቀበቱ ላይ አውቶቡሱ እምቢ ሲል «ውድ ተጓዦቻችን፣ አሁን የተሳትፎ ጊዜ ነው» ተባልንና ወርደን ገፋን። አቀበቱን ስንጨርስ አስጎብኚው ሾፌሩን በስማችን አመሰገነው። አጨበጨብን፤ መዳፋችን አቧራ ስለነበር ጭብጨባው ብዙም አልተሰማም።

ከፏፏቴው በፊት የአላታ ድልድይ አለ። በአፄ ሱስንዮስ ዘመን የተሠራ ነው፤ ሕዝቡ የፖርቹጋሎች ድልድይ ይለዋል። «ፎቶ ተነሱበት» ተባልን እንጂ ታሪኩ አልተነገረንም፤ ስለዚህ እኔ ልንገራችሁ። ንጉሡ ሕዝቡን ከአባቶቹ እምነት ወደ ካቶሊክነት በአዋጅ ሊያሻግሩ ተነሱ። ብዙ ደም ፈሰሰ። እ.ኤ.አ. በ1632 የቀድሞውን እምነት መልሰው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ። ሁለት ዓይነት ማሻገር በአንድ ንጉሥ ዘመን ተሞከረ ማለት ነው። በግድ የሆነው ፈረሰ። ድንጋዩ ግን ማንንም ሳያስገድድ፣ የሚሻውን ሁሉ ዛሬም ያሻግራል።

ከዚያ ጢስ አባይ ደረስን። አስጎብኚው ጀርባውን ለፏፏቴው ሰጥቶ፣ ፊቱን ወደ እኛ አዙሮ፣ «ከፊታችሁ ከ40 ሜትር በላይ ከፍታ፣ 400 ሜትር ስፋት ያለው ታላቅ ፏፏቴ ይታያችኋል» አለ። እሱ አላየውም፤ እኛ ግን እያየነው ነበር። ጥቁሩ ገደል ሙሉ በሙሉ ራቁቱን ቆሟል፤ በአንድ ጥግ ቀጭን ውሃ ይወርዳል። እዚህ ቦታ የውሃው መቀነስ ምሥጢር የለውም። በጋ ነው። ከሐይቁ መውጫ ላይ መዝጊያ አለ። እዚሁ አጠገብ ውሃውን ከፏፏቴው የሚጠልፉ ሁለት የኤሌክትሪክ ማመንጫዎች ተሠርተዋል፤ በ2002 ዓ.ም. የተመረቀውና 460 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የጣና በለስ ጣቢያ ደግሞ የሐይቁን ውሃ 12 ኪሎ ሜትር በሚጠጋ ዋሻ ወደ ሌላ ሸለቆ ይወስደዋል። መብራት ለሚያስፈልገው አገር ይህ ክርክር ያለው ምርጫ ነው፤ ምርጫው ነውር የለበትም። ነውሩ ውሃውን በዋሻ ልኮ ፏፏቴውን በትኬት መሸጥ ነው።

ሽማግሌው ከኪሳቸው አሮጌ የአንድ ብር ኖት አወጡ። ጀርባው ላይ ጢስ አባይ ከዳር እስከ ዳር እየተጥለቀለቀ ይወርዳል። ወረቀቱን ከገደሉ ጋር እያስተያዩ «ያኔ ውሃውም ውሃ ነበር፣ ብሩም ብር ነበር» አሉ። ወይዘሮዋ ልትጠይቅ እጇን ስታነሳ አስጎብኚው ቀደማት። «ውድ ተጓዦቻችን፣ ሁላችሁም ዓይናችሁን ጨፍኑና ነሐሴን አስቡ!» እግዜር ይይልኝ፣ ጨፈንን። አንዳንዱ ጤዛው ፊቴን ነካኝ አለ። አንዱ ጃኬቱን ቆለፈ። የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው ይባላል፤ የአባይ ልጅ ዓይኑን ጨፍኖ መርካት መቻሉን ግን ተረቱ አልጨመረውም።

ባሕር ዳር ስንመለስ የአስተያየት መስጫ ወረቀት ታደለን። ምርጫው ሦስት ነው፤ «በጣም ጥሩ»፣ «እጅግ በጣም ጥሩ»ና «ከጠበቅኩት በላይ»። ሽማግሌው ሦስቱንም ትተው ከግርጌው በገዛ እጃቸው ሁለት መስመር ጻፉ። አስጎብኚው ተቀብሎ አየው፤ ደስ አለውና ድምፅ ማጉያውን አንስቶ ለአውቶቡሱ ሙሉ አነበበው፦

ባሕር የብሱን ዞሬ ሰው ምን አየህ ቢለኝ፣
ከአባይ በቀር ዛሬ ያየሁ አይመስለኝ።

«አያችሁ፣ አባታችን ከአባይ ሌላ ዓይናቸው አልገባም!» አለ። ያን ጊዜ የተጨበጨበው ጭብጨባ ከቀኑ ሁሉ የላቀ ነበር፤ ሁላችንም ከልባችን አጨበጨብን፤ እሱም እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ እጅ ነሣ። ወረቀቱን በመስተዋት አድርጎ ቢሮው እንደሚሰቅለው ነገረን። ይስቀለው፤ ይገባዋል።

እናንተም ሂዱና ጣናን እዩ፤ ዘጌን ሳያዩ መሞት አይገባም። ከመሳፈራችሁ በፊት ግን ስለ ስፋቱ ሲነግሯችሁ ጥልቀቱን ጠይቁ። ስለ መድረሻው ሲነግሯችሁ መሪው ይይዝ እንደሆነ ገመዱ ሳይፈታ ፈትሹ። ስለ ሙላቱ ሲነግሯችሁ ገባሩን አስታውሱ። በቀኛችሁ ተመልከቱ ስትባሉ በግራም እዩ፤ ጨፍኑ ስትባሉ አትጨፍኑ። ትኬት የሚቆረጠው ለማየት ነው። እያጨበጨበ የሚሄድ ሰው ሊከፈለው ይገባል እንጂ ሊከፍል አይገባም።