እጅግ ቀርበው ስለማይታወቁ ነገሮች፦ በብቸናና በሞጣ የተካሄደ የመስክ ጥናት

በቴሌግራም ቡድኖች አንድ ጨዋታ ገብቷል። አንዱ የቤት ዕቃ አጠገብ ስልኩን አስጠግቶ ፎቶ ያነሳና «ይህ ምንድን ነው?» ብሎ ይለጥፋል። ሌላው «የጨረቃ ገጽ»፣ «የአዞ ቆዳ»፣ «የጎረቤታችን ተረከዝ» እያለ ይገምታል። ማታ መልሱ ይወጣል፦ ድንች ነው። ጉዳዩ የሚገባውን የምሁራን ትኩረት ስላላገኘ ይህ ጸሐፊ ስልኩንና አንድ ጠርሙስ ውሃ ይዞ ምሥራቅ ጎጃም ወርዷል። ውሃው ለመጠጥ አይደለም። አንዲት ጠብታ በካሜራው መስታወት ላይ ስትቀመጥ እንደ አጉሊ መነጽር ትሠራለች። ውሃ የሚያበዛ ተመራማሪ ግን ሌላ ስልክ ይገዛል።

ጨዋታው የዘመኑ ፈጠራ ነው የሚሉ ተሳስተዋል። እንግሊዛዊው ሮበርት ሁክ እ.ኤ.አ. በ1665 ባሳተመው «ማይክሮግራፊያ» በተባለ መጽሐፉ የመርፌ ጫፍን፣ የምላጭ ስለትንና በወረቀት ላይ የታተመች አንዲት ነጥብን አጉልቶ አይቷል። ሹል የተባለው መርፌ ዶልዱሞ፣ ክብ የተባለችው ነጥብ ተንጨባርራ አገኛቸው። ሁክ ግን «አገር ስጡኝ» አላለም። ያንን የአገሩ ሰዎች በኋላ በሌላ መንገድ አሟልተውታል።

እኛ ዘንድ ሥርዓቱ የተሟላ ነው። «እንቆቅልሽ» ሲባል «ምን አውቅልሽ» ይባላል፤ ያቃተው አገር ይሰጣል፤ ተቀባዩ እዚያ ሄዶ የበላውንና የጠጣውን ይዘረዝራል፤ ሰጪውንም ሳይነካካ መልሱን አይናገርም። የቴሌግራሙ ጨዋታ አገሩን ጥሎ ስድቡን ብቻ ወርሷል። በመስክ ሥራዬ ሥርዓቱን ወደ ቦታው መለስኩ። ብቸና ላይ ያቃተው ሞጣን ይሰጣል፤ ሞጣ ላይ ያቃተው ብቸናን ይሰጣል። የራሱን ከተማ የሰጠ አልገጠመኝም። ከተሞቹ በዚህ ሰሞን ደጋግመው ተሰጣጥተዋል፤ ይሁን እንጂ ብቸና አሁንም በእነማይ፣ ሞጣም በሁለት እጁ እነሴ እንደሚገኙ ተረጋግጧል።

የሚነሳ ዕቃ ማግኘት ከሚታሰበው በላይ ይከብዳል። ሰፌድ አይሆንም፤ ስፌቱ ያጋልጠዋል። የበርበሬ ቅርፊት ጥሩ ነው፤ የጫማ ቆዳ ይመስላል። ከሁሉም የሚበልጠው ጤፍ ነው። ርዝመቷ ከ1 ሚሊ ሜትር ብዙም አይዘልም፤ ስሟ «ጠፋ» ከሚለው መጣ የሚሉም አሉ። ችግሩ ካሜራ በተጠጋ ቁጥር ጥርት ብሎ የሚታየው ውፍረት መሳሳቱ ነው። የጤፏ ግንባር ሲጠራ ማጅራቷ ይደበዝዛል።

ስለዚህ ብቸና፣ እህል ተራ፣ መሬት ላይ ተንበርክኬ ነበር።

«ምን ጠፋህ ልጄ?» አሉኝ አንዲት ነጋዴ።

«ምንም አልጠፋኝም። አንዲት ፍሬ ጤፍ ላነሳ ነው።»

ሴትዮዋ ዝም ብለው አዩኝ። ከዚያ አንድ ጣሳ ጤፍ ሰፍረው በፌስታል ሰጡኝና «አንድ አንድ ፍሬ አትልቀም። ክፉ ቀን ያልፋል» አሉኝ። ጥናቱ ከዚህ ሌላ ድጋፍ አላገኘም።

ኔትወርክም የራሱ አስተዋጽኦ አለው። ቴሌግራም ፎቶው እስኪወርድ ድረስ ድብዝዝ ያለ ጥላውን ያሳያል። ኔትወርኩ በሚንቀራፈፍበት ምሽት ገማቾች ዋናውን ሳይጠብቁ በጥላው ይወራረዳሉ፤ ማንኛውም ፎቶ፣ የሠርግም ቢሆን፣ ለጊዜው እንቆቅልሽ ይሆናል። አንዱ የአክስቱን ልጅ ሚዜዎች «ጥቅል ጎመን» ብሎ ጽፎ ይቅርታ ጠይቋል። ፎቶው ገና አልወረደም።

ሞጣ ላይ አንድ ወጣት ሰባራ ድልድይን አስገባ፤ ድንጋዩንና ኖራውን ተጠግቶ አንስቶ። ገማቹ በሙሉ «ድፎ ዳቦ» አለ። ዳኛው እኔ ስለነበርኩ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ዓባይ ላይ የተሠራ ድልድይ የቤት ዕቃ አይደለም ብዬ ጣልኩት። ወጣቱ ይግባኝ አለ፦ ድልድዩ ተሰብሮ ሳለ ሰው ወገቡን በገመድ ታስሮ እየተጎተተ ይሻገርበት ስለነበር፣ ለአያቱ ከማንኪያ ይልቅ የዘወትር ዕቃ ነበር። ይግባኙ በቀጠሮ ላይ ነው።

የመጨረሻው ሙከራ እንጀራ ነበር። የቦካ ሊጥ የጋለ ምጣድ ላይ ሲያርፍ በውስጡ ያለው አየር እየፈነዳ ይወጣል፤ መውጫው ዓይን ሆኖ ይቀራል። ካደርኩበት ቤት የቀረበልኝን አንስቼ ሳሳይ ብዙዎች «የማር እንጀራ» አሉ። ግማሽ ነጥብ ሰጠኋቸው። ከዚያ በብቸናው ጤፍ ራሴ ጋገርኩና የራሴን አነሳሁ። ይሄኛው አስቸገረ። «የደረቀ ኩሬ» አሉ፤ «ካርታ» አሉ። ሐዲስ ዓለማየሁ በተማሩባት በዲማ ጊዮርጊስ ቅኔ ሲቆጥር የከረመ አንድ ተማሪ ስልኩን ተቀብሎ ብዙ አሰበ።

«ሰሙ ይሄ ፎቶ ነው?»

«አዎ።»

«ወርቁስ?»

«እንጀራ።»

«ታዲያ ወርቁ እያለ ሰሙን ለምን ታሳየኛለህ? አምጣው እንብላው።»

ቀመሰው። ቀሪውን መለሰልኝ።

በማግስቱ ፎቶውን ለአንዲት አሮጊት ጎረቤት አሳየኋቸው። ስልኩን ከፊታቸው አራቁት፣ መልሰው አቀረቡት።

«ይሄ ምንድን ነው፣ እማማ?»

«ማነው የጋገረው? ምጣዱ ሳይሰማ ነው ያሰፋው። ሊጡም አልደረሰለትም፤ ቸኩሏል።»

ጥያቄው «ምንድን ነው» ስለሚል፣ እሳቸውም የዕቃውን ስም ስላልጠሩ፣ በደንቡ መሠረት መልሱ «የተሳሳተ» ተብሎ ተመዝግቧል። ጤፉ ከየት እንደመጣ አስረድቼ፣ ሥርዓቱ ነውና አገር ጠየቅኋቸው።

«ብቸናን ሰጥቼሃለሁ» አሉኝ። «ይቺን እንጀራ ግን ጤፉን ለሰጡህ ሴትዮ እንዳታሳያቸው።»