የጀልባ ምርጫ በይፋግ

ይፋግ ከጣና ዳር ገባ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ ስለ ጀልባ የሚመክር ሰው ግን አታጣም። ባሕር ማዶ ያለ ዘመዳችን ለዓሣ አስጋሪ ወንድሙ ሊገዛለት አስቦ የሁለት ትንንሽ የአሉሚኒየም ጀልባዎች ፎቶ በቴሌግራም ላከ። ሆደ ጠፍጣፋዋ ዳር ዳሩን፣ ጥልቀት በሌለው ውኃ ትሄዳለች፤ ሾጣጣዋ ማዕበል ትሰነጥቃለች። እስከዚህ የረባ ወሬ ነው። ከዚያ ክርክሩ ወደ ቀለም ዞረ፤ ሰማያዊ ከሆነች ዓሣ አታስደነግጥም ተባለ።

ወንድምየው ዝም ብሎ ሰማ። እሱ የሚቀዝፈው የደንገል ታንኳ ነው፤ ውኃ ሲጠጣ ይከብዳል፣ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፣ ሲበሰብስ ሌላ ይታሰራል። ቤንዚን ግን አይጠጣም። ቤንዚን በሃይላንድ በሚቸረቸርበት አገር ይህ ቀላል ሙገሳ አይደለም።

በ1970ዎቹ መጨረሻ የሞተር ጀልባና የናይለን መረብ ጣና ሲገቡም ወሬው ሁሉ ስለ ፍጥነት ነበር። ነጭ ዓሣ በክረምት እንቁላሉን ሊጥል ወደ ርብና ጉማራ ሲወጣ፣ መረቡ ወንዙ መግቢያ ላይ ቀድሞ ይጠብቀው ጀመር። ብዙ ሳይቆይ ዓሣው ሳሳ። ጀልባዎቹ ፈጣን ነበሩ፤ ማን ይክዳል!

ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የሰሜን ምሥራቁን ዳር እንቦጭ የተባለው አረም ወርሶታል። ወንድምየው በመጨረሻ አንድ ጥያቄ ጻፈ፦ «ከሁለቱ እንቦጭ የምታጭደው የትኛዋ ናት?»

ዘመዳችን ሦስተኛ ፎቶ እየፈለገ ነው።